የድሮ ሚያታ ገዝቶ እየነዱ ቤት መግባት

የድሮ የስፖርት መኪና ለመግዛት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ማይል ሄዳለች?" ብሎ ነው። ለእኔ ይህ ሦስተኛ ጥያቄ ነው። አንደኛው "ላሜራዋ ጤነኛ ነው?" ሁለተኛው "ወረቀቷ ንጹሕ ነው?" የሚለው ነው። ሞተር ይታደሳል። ካምቢዮ ይቀየራል። ከውስጥ ዝገት የበላው ላሜራና በሌላ ሰው ስም የቀረ ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) ግን ገንዘባችሁን ይዘው ይቀራሉ።

ይህን የምጽፈው በተለይ እንደ እኔ ዲሲ አካባቢ ለምትኖሩና ከደቡብ ስቴቶች መኪና ገዝታችሁ፣ ነድታችሁ መመለስ ለምታስቡ ነው። ወደ ደቡብ የምንሄደው በምክንያት ነው። በሰሜኑ በኩል ክረምት በመጣ ቁጥር መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው መኪናን ከሥር ይበላል። ምሳሌዬ የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ሚያታ ናት። ጉዞው ከሻርሎት፣ ኖርዝ ካሮላይና እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ወደ 400 ማይል ይጠጋል።

ለምን ሚያታ? ቀላል ስለሆነች። ክብደቷ ከ1,000 ኪሎ ብዙ አይርቅም። ሞተሯ ፊት ነው፣ የሚገፋት የኋላ ጎማ ነው፣ ጣሪያዋ በእጅ ይታጠፋል። ዕቃዋ እስከ ዛሬ በየሱቁ ይገኛል። ወንበሯ ግን ሁለት ብቻ ነው። እናቴ መጀመሪያ ያየቻት ቀን "ታዲያ ለቅሶ ቤት ስንሄድ ማን ይቀመጥባታል?" አለችኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቤተሰብ የምታመላልሱ ከሆነ ይህች ሁለተኛ መኪና ትሁን እንጂ የቤቱ ብቸኛ መኪና አትሁን።

1. የትኛውን ዓመት?

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሚያታ ለሕዝብ የታየችው በፌብሩዋሪ 1989 ቺካጎ አውቶ ሾው ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1990 እስከ 1993 የተሸጡት ሞዴሎች 1.6 ሊትር፣ 116 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አላቸው። በ1994 ሞተሩ 1.8 ሊትር ሆነና ጉልበቱ ወደ 128 ከፍ አለ። ይህ ትውልድ በ1997 አበቃ። መብራቷ ከኮፈኑ ብድግ ብሎ የሚወጣው የዚህኛው ትውልድ ነው።

ምርጫው ካላችሁ 1994ን ውሰዱ። 1.8 ሊትር ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የዘይት ግፊት መለኪያም እውነተኛ ነው። ከ1995 ጀምሮ የተሠሩት ላይ መርፌው "ግፊት አለ" ወይም "የለም" ከማለት ውጭ መጠኑን አይነግራችሁም።

የ1990 ወይም የ1991 መጀመሪያ ካገኛችሁ ደግሞ አንድ ነገር ሳታዩ አትክፈሉ። በእነዚያ ሞተሮች ላይ የክራንክ ሻፍቱ አፍንጫ አጭር ነው። ፑሌጃውን የያዘው ብሎን ከላላ ፑሌጃውን ከሻፍቱ ጋር የምታስረው ትንሽ ብረት የምትገባበት ቦይ ይበላል፣ ከዚያ ጥገናው ከባድ ነው። መለየቱ ቀላል ነው። ሞተሩ በጠፋበት በራዲያተሩና በሞተሩ መካከል የስልክ መብራት አብሩና የታችኛውን ፑሌጃ እዩ። ክፍተቶቹን ቁጠሩ። 4 ከሆኑ አጭሩ ነው፤ 8 ከሆኑ የተሻሻለው ነው። አጭሩ ሁሉ ይበላሻል ማለት አይደለም። ሞተሩ ሲሠራ ፑሌጃው እየተወዛወዘ ከሆነ ግን አመስግናችሁ ሂዱ።

2. ከቤት ሳትወጡ በስልክ

400 ማይል ሄዶ በአምስት ደቂቃ ከመበሳጨት ግማሽ ሰዓት ስልክ ማውራት ይሻላል። ሻጩን እነዚህን ጠይቁት፦ ታይትሉ በራስህ ስም ነው? ባንክ ዕዳ አለበት? የታይሚንግ ቺንጊያው መቼ ተቀየረ? ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ውሃ ይገባል? ለመጨረሻ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ የተነዳችው መቼ ነው?

የመጨረሻውን ጥያቄ አትርሱት። ለሦስት ዓመት ጋራዥ ቆማ በሳምንት አንዴ ሱቅ ድረስ የምትሄድ መኪና አጭር መንገድ ላይ ጤነኛ ትመስላለች። ረጅም ሙቀት ሲያገኛት ነው የደረቀው ጎማና ቱቦ የሚናገረው።

የታይሚንግ ቺንጊያው በየ60,000 ማይል ይቀየራል። ሻጩ "አላውቅም" ካለ አትደንግጡ። በዚህ ሞተር ቺንጊያው ቢበጠስ ሞተሩ ይጠፋል እንጂ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም። ዋጋ ለመቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ነው።

የሻሲ ቁጥሯን፣ ማለትም ባለ 17 ፊደልና አኃዝ ቪኑን፣ ተቀበሉና በኤንአይሲቢ (የአሜሪካ የኢንሹራንስ ወንጀል ቢሮ) ድረ ገጽ ላይ በነፃ ፈትሹ። ተሰርቃ ወይም በኢንሹራንስ ሳልቬጅ (በጣም ተጎድታለች) ተብላ ከተመዘገበች ይነግራችኋል። በመጨረሻም "እኛ ሳንመጣ ሞተሩን እንዳታሞቀው" በሉት።

3. ወረቀቱ

አንድ ጊዜ ቀይ ሚያታ አገኘሁና ልቤ ወደቀ። ዋጋዋ ጥሩ፣ ቀለሟ የሚያበራ። ቀብድ 300 ዶላር ሰጠሁ። ታይትሉ ሲመጣ ስሙ የሻጩ አይደለም። "የጓደኛዬ ነው፤ ፈርሞልኛል" አለ። የተፈረመው ቦታ ላይ የገዢ ስም የለም፣ ቀኑም ያለፈ ነው። ቀብዱ አልተመለሰም። መኪናዋን ግን ትቻት መጣሁ፤ እስካሁንም በዚህ አልቆጭም።

ደንቡ አጭር ነው። በታይትሉ ላይ ያለው ስምና ሻጩ የሚያሳያችሁ መታወቂያ አንድ መሆን አለባቸው። ቪኑ በወረቀቱ፣ በፊት መስታወቱ ሥርና በበሩ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ሻጩ የሚፈርመው ኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ነው። ስለዚህ ሽያጩን ባንክ ውስጥ ጨርሱት። ኖተሪውም ገንዘቡም አንድ ቦታ ይገኛል።

ማይል ሦስተኛ ጥያቄ ነው ያልኩት ለዚህም ነው። በፌዴራል ሕግ የ2010 እና ከዚያ በፊት የነበሩ ሞዴሎችን የሚሸጥ ሰው የማይል ማረጋገጫ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ዳሽቦርዱ 82,000 ቢልም ወረቀቱ አይመሰክርለትም። የሚመሰክረው ሻጩ ያስቀመጠው የጥገና ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ በዶሴ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሻጭ ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን ግዙ።

4. ላሜራው፦ ብዙ ጊዜ የምታጠፉበት ቦታ

ሁለተኛዋን ለማየት ስሄድ ብቻዬን አልሄድኩም። "ጋሼ" የምለው አንድ ሰው አለ። ወጣት ሳለ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሠርቷል፣ እዚህ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ነድቷል። ሻጩ ኮፈኑን ከፍቶ ስለ ሞተሩ ሲያወራ እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። ጋሼ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። "ልጄ፣ ሞተሩን ተወው። ምንጣፉን ግለጠው" አለኝ።

ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ምንጣፍ ገለጥኩት። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ እርጥብ ነበር። ዝናብ ከዘነበ አራት ቀን ሆኖታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጨርቅ ጣሪያው ላይ የሚወርደው ውሃ ከኋላ ባለው ቦይ ይሰበሰብና በግራና በቀኝ፣ ከወንበር ቀበቶው ማማ አጠገብ ባሉ ቀዳዳዎች ወደ ታች ይወርዳል። ቅጠልና አቧራ ቀዳዳውን ሲደፍነው ውሃው ሁለት መንገድ አለው። ወይ ምንጣፉ ላይ ይፈስሳል፣ ወይ ከበሩ ሥር ባለው ላሜራ ውስጥ ይተኛል። እዚያ የተኛ ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ውጭ ላይ ትንሽ የቀለም እብጠት ስታዩ ውስጡ ካለቀ ቆይቷል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። አንድ ጠርሙስ ውሃ ያዙ። ጣሪያውን ግማሽ አንሱና ውሃውን ቀስ እያላችሁ ወደ ቀዳዳው አፍስሱ። ሌላ ሰው ከመኪናዋ ሥር ይይ። ከኋላ ጎማው ትንሽ ፊት፣ ከሥር በኩል ውሃው ወዲያው መውጣት አለበት። ካልወጣ ተደፍኗል ማለት ነው። በሁለቱም ጎን ሞክሩ።

ቀጥሎ ከኋላው ጎማ ፊት፣ ከበሩ ሥር ያለውን ጠርዝ በጣታችሁ ጫን እያደረጋችሁ ሂዱ። እንደ ብስኩት የሚሰበር ድምፅ ከሰማችሁ በቃ። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ እዚያው ላይ አሳርፉ። ካልያዘ ከሥሩ ስቱኮ አለ። አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቱ፤ የሚያታ ኮፈን አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔት አይዘውም። ያ ጤነኛ ነው።

አዲስ አበባ የድሮ ቮልስ የያዘ ሰው ይህ ሁሉ አይገርመውም። ቮልስም ብትሆን ከሞተሯ ይልቅ ወለሏ ነው የሚጎዳት፣ በተለይ ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የሚቀመጥበት። የሚያታ ባትሪም ከኋላ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ነው። እሱንም አንሥታችሁ ሥሩን እዩ።

ያችን መኪና ትተናት መጣን። ሻጩ ጥሩ ሰው ነበር፣ ራሱም አላወቀም። ከእኛ ጋር ጎንበስ ብሎ ሲያየው ከልቡ አዘነ።

5. ሞተሩና ሙከራው

ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ። ሞቅ ካለ ሻጩ ቃሉን አልጠበቀም። ቀዝቃዛ ከሆነ ይነሣ። ሲነሣ ከላይ በኩል "ቲክ ቲክ ቲክ" ቢል ይህ የሃይድሮሊክ ታፔቶች ድምፅ ነው፤ በዚህ ሞተር የተለመደ ነው፣ ሲሞቅ መጥፋት አለበት። ከታች የሚመጣ ከባድ ማንኳኳት ግን ሌላ ነገር ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጡ። ማኪያቶ የሚመስል አረፋ ካለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ጠርጥሩ። የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክ ወደ ቡናማ ከተለወጠ ዕድሜው አልቋል፤ ዋጋው ላይ ቁጠሩት።

የፍሪሲዮኑን ፔዳል አሥር ጊዜ ያህል ርገጡ። እየላላ ከሄደ ካምቢዮው ጎን ያለችው ትንሽ የፍሪሲዮን ሲሊንደር እያፈሰሰች ነው። ይህ የሚያታ የታወቀ በሽታ ነው። ዕቃው ርካሽ ነው፣ መንገድ ላይ ከተበላሸ ግን ማርሽ አይገባም። አራተኛ ማርሽ ላይ በዝግታ እየሄዳችሁ ነዳጁን እስከ ታች ርገጡ። ፍጥነቱ ሳይጨምር ዙሩ ብቻ ከጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል።

የጎማውን ዕድሜ እዩ። ጎኑ ላይ ከ"ዶት" ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ። 2314 ማለት በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አበባው ሙሉ ቢሆንም አሥር ዓመት ባለፈው ጎማ 400 ማይል አትሂዱ። እዚያው ከተማ አራቱንም ቀይሩ።

እውቀቱ ከሌላችሁ ለአካባቢው መካኒክ ከፍላችሁ ሊፍት ላይ ይስቀልላችሁ። ሻጩ "መካኒክ አላሳይም" ካለ ተዉት።

6. ክፍያ፣ ሰሌዳ፣ ኢንሹራንስ

ይህን በአጭሩ። ገንዘቡን በካሽየርስ ቼክ (ባንኩ ራሱ በሚጽፈው ቼክ)፣ ባንክ ውስጥ ክፈሉ። ቢል ኦፍ ሴል (የሽያጭ ወረቀት) አጻጽፉ። ከገንዘባችሁ አንድ አምስተኛውን አስቀሩ፤ ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ትፈልጉታላችሁ። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ሻጩ ሰሌዳውን ፈትቶ ያስቀራል፣ ስለዚህ ያለ ሰሌዳ እንዳትቀሩ ከመሄዳችሁ በፊት የራሳችሁን ስቴት ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባ ቢሮ) የአጭር ቀን የጉዞ ፈቃድ እንዴት እንደሚሰጥ ጠይቁ። ኢንሹራንሱን ቪኑን ሰጥታችሁ በስልክ አስገቡ፤ ቁልፉን የምትቀበሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ለመሄድ ባቡር ጥሩ ነው። አምትራክ ከአሌክሳንድሪያ ሻርሎት ድረስ ይወስዳችኋል። ከተቻለ ግን አንድ ወዳጅ በሌላ መኪና ይምጣና ሲመለስ ከኋላችሁ ይከተላችሁ። በመጨረሻ የገዛኋትን እየነዳሁ ስመለስ እኔን የተከተለኝ ጋሼ ነበር።

7. መንገዱ

ይህ ጉዞ የፍተሻው ሁለተኛ ክፍል ነው። እንደዚያ አስባችሁ ንዱት።

ሻንጣው ውስጥ ይህ ይኑር፦ አንድ ጋሎን የራዲያተር ውሃ፣ አንድ ኳርት የሞተር ዘይት፣ አንድ ጠርሙስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት (ለፍሪሲዮኑም ይሆናል)፣ 10፣ 12 እና 14 ቁጥር ቁልፍ፣ የጎማ 21 ቁጥር፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የባትሪ ገመድ፣ የጎማ መንፊያ፣ መብራት፣ ጨርቅ። የሻንጣው ቦታ ጠባብ ነው፤ ልብሳችሁን ወንበሩ ላይ አድርጉ።

ብዙ ሰው በኢንተርስቴት 85 አውራ ጎዳና ወጥቶ ፒተርስበርግ ላይ ኢንተርስቴት 95ን ይይዛል። እኔ አልመክርም። ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ያለውን የመኪና ሰልፍ ታውቁታላችሁ። የማታውቁት የድሮ መኪና በፀሐይ ሰልፍ ውስጥ ሲቆም ነው የሚግለው። ከሻርሎት ግሪንስቦሮ ድረስ በ85 ሂዱና ከዚያ ሩት 29ን ያዙ። ዳንቪል፣ ሊንችበርግ፣ ሻርሎትስቪል፣ ኩልፔፐር፣ ዋረንተን። በየመንገዱ ከተማ አለ፣ የዕቃ መሸጫ ሱቅ አለ፣ መቆሚያ አለ። ከሊንችበርግ በኋላ በስተግራ ብሉ ሪጅ ተራራ አብሯችሁ ይሄዳል። ጣሪያውን የምትከፍቱት እዚያ ነው። ከመክፈታችሁ በፊት የኋላውን ፕላስቲክ መስታወት ዚፕ ፍቱ፤ ሳይፈታ ከታጠፈ ይሰነጠቃል።

ስትነሡ መጀመሪያ ነዳጅ ሙሉ። የነዳጅ ታንከሯ ከ12 ጋሎን ብዙ አይበልጥም፣ የድሮ መለኪያ ደግሞ አይታመንም፤ ግማሽ ሲሆን ሙሉ። የመጀመሪያው መቆሚያ ከ15 ማይል በኋላ ይሁን። ሁለተኛው ከ50 ማይል በኋላ። ከዚያ በየ80 ማይሉ።

በቆማችሁ ቁጥር መጀመሪያ የምታደርጉት ይህ ነው። እጃችሁን ወደ አራቱም ጎማዎች ቸርኬ አስጠጉ። አትንኩት፣ አስጠጉት ብቻ። ሦስቱ ለብ ብለው አንዱ እንደ ምጣድ የሚጋረፍ ከሆነ ፍሬኑ ይዞ አለቀቀም ማለት ነው። ሚያታ ላይ ብዙውን ጊዜ የኋላው ነው፤ ቆሞ የቆየ የእጅ ፍሬን ያመጣዋል። እንዲህ ከሆነ መንዳታችሁን አቁሙ። ቀጥሎ ከሥር እዩ፣ አሽትቱ፣ የፍሪሲዮን ዘይቱን መጠን እዩ።

አምስተኛ ማርሽ ላይ በ65 ማይል ስትሄዱ ሞተሩ ከ3,000 ዙር በላይ ይጮኻል። ስድስተኛ ማርሽ አትፈልጉ፣ የለም። መኪናዋ እንዲህ ናት። ሞተሩን ግን በዚህ ቀን አታስጩኹት።

የሙቀት መለኪያውን ዓይናችሁ አይልቀቀው። የሚያታ መርፌ አታላይ ነው፤ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ቢልም መሐል ላይ ቆሞ ይቆያል። ስለዚህ መርፌው ከመሐል መነሣት ከጀመረ ነገሩ ሩቅ ሄዷል። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቱና ቶሎ ጥግ ያዙ። የራዲያተሩን ክዳን በሙቀቱ እንዳትከፍቱ።

የፍሪሲዮኑ ፔዳል ወለል ላይ ከቀረ የፍሪሲዮን ዘይቱን ሙሉና ደጋግማችሁ ርገጡ። ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ እስከ ቤትም ያደርሳል። እኔ ኩልፔፐር ሳንደርስ ይህ ገጥሞኛል። ጋሼ ከኋላ መብራት አበራልኝ፣ ዘይቱን ጨመርን፣ ሄድን።

ሊመሽ ከሆነ ገና ብርሃን ሳለ መብራቶቹን አስነሡ። አንዱ ካልተነሣ ኮፈኑን ክፈቱ፤ ሞተሪኖው ላይ የጎማ ቆብ ያላት ትንሽ መዘውር አለች። ቆቡን አንሥታችሁ በእጅ አዙሯት፣ መብራቱ ቀስ እያለ ይወጣል።

8. የደረሳችሁ ማታ

ቤት ስትደርሱ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ። አንድ ሁለት ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ትተንፍስ። ከዚያ ትልቅ ካርቶን ዘርግታችሁ ከሥሯ አስገቡ። ጎማዎቹ የቆሙበትን ቦታ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ።

በማግስቱ የቨርጂኒያን የደኅንነት ኢንስፔክሽን ያዙ። የአየር ብክለት ፍተሻ ዕድሜዋ ከ25 ዓመት ስላለፈ አይመለከታትም። ለመኪናዋ የምትከፍሉት የሽያጭ ግብር የዋጋዋ 4.15 ከመቶ ነው። በዚያው ሳምንት የሞተር፣ የካምቢዮና የዲፈረንሺያል ዘይቱን፣ የፍሬን ዘይቱንና የራዲያተሩን ውሃ ቀይሩ። ታሪኩ ያልታወቀ የታይሚንግ ቺንጊያ ካለ ከነውሃ ፓምፑ አብራችሁ አስቀይሩ፤ የሥራው ቦታ አንድ ነው፣ ሁለቴ አትክፈሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ጠዋት ካርቶኑን ጎትታችሁ አውጡ። ንጹሕ ውሃ ከሆነ የኤሲው ነው። አረንጓዴ ከሆነ ከራዲያተሩ ነው። ቡናማ ከሆነ ዘይት ነው፣ ከፊት ነው ወይስ ከካምቢዮው በኩል የሚለውን ምልክቱ ይነግራችኋል። የእኔ ካርቶን ላይ የነበረው አንድ ጠብታ ነው፤ ውኃ መሳይ፣ ቢጫ የቀላቀለ፣ ካምቢዮው ጎን ላይ። ፎቶ አንሥቼ ለጋሼ ላክሁለት። "ሲሊንደሯ ናት። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ዕቃዋን ግዛ" ብሎ መለሰልኝ።